ካሜራው ያልተመለሰበት ቤት

ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሴት፣ ናይሮቢ

ሰላምሽ ይብዛ የኔ እናት። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አንቺን ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና ነኝ ማለትሽ አይቀርም፣ እኔም አላምንሽም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ከአባትሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ፊሊጶስ ነው፤ ለስብሰባ ወደዚያ ይመጣል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን የሰው ነገር ማወቅ ይወዳል። ስለዚህ ፖስታውን ዙሪያውን በክር ሰፍቼዋለሁ። ስፌቱ ተነካክቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል። ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን አያነሳም፤ ሲጸልይ ብቻ "ያቺን ልጅ" ይላል። ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ጌታ ያውቃል መቼም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የመመረቂያ ፊልምሽን ልትሠሪ ነው አሉ፣ ከቤቷ ስለምትወጣ ልጅና ስለ እናቷ። ማን ነገረሽ እንዳትዪኝ። ከመጋረጃ ሱቄ ጎን ልብስ የምትሸጠው ዙሌካ ሰሞኑን ስልኳ ሲጠራ ወደ ውጭ መውጣት ጀምራለች። ባሏ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ፊቴ ነበር የምትጨቃጨቀው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር! አፋጠጥኳትና የምትደውዪላት አንቺ መሆንሽን ጨምሮ ሁሉንም አወጣች።

"እናትየዋን እኔን አስመስላ ልትሠራት ነው?" አልኳት።

"ወላሂ እኔ እንጃ እትዬ ማሚቴ። ብቻ ያንን ድሮ የምትወደውን ፊልም ነው እንደ ምሳሌ የያዘችው።"

ያንን ፊልም! ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀሽ የምታዪውን፣ ተማሪዋ ለዳንስ ውድድር ብላ ከቤቷ የምትጠፋበትን። አባትሽ ልጄን ያሳተብኝ እሱ ነው ይላል። እንግዲያው እኔን እንዴት አድርገሽ እንደምታሳዪኝ ከዚያው ልየው አልኩ። ዙሌካ ላፕቶፗን አመጣች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ የሱቁን በር ገርበብ አድርገን አየነው። አንዴ ብቻ እንዳይመስልሽ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካሜራውን ነው። እናትየዋ በተናገረች ቁጥር ከመሬት ሽቅብ ያያታል፤ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ሆና ጣሪያውን ልትነካ ምንም አይቀራት። ልጅቷን ግን ከላይ ቁልቁል ነው፣ ጫጩት ታክላለች። ሴትዮዋ እኮ አጭር ናት! ፊልሙ ውስጥ ባለው ሰርግ ላይ ከሰው መሃል ስትቆም አይቻታለሁ፣ ከእኔ አትበልጥም።

ብርሃኑም ያው አድሎ ነው። የልጅቷ ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ፊቷ ያበራል። በዚያ ወፍራም ጨርቅ ፀሐይ እንደማያልፍ እኔን ማን ያስተምረኛል? የሆነ ቦታ መብራት ደብቀዋል። እናትየዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጨለማ ወጥ ቤት ውስጥ ናት፣ አንድ አምፖል የሚገዛላት ጠፍቶ።

ደግሞ ልጅቷ ስትዋሽ ክራር ይመጣል። እናትየዋ እውነቷን ስትናገር ክራሩ ዝም ይልና የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፤ ሳላይም ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች ነገረኝ። ክራሩ ግን ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አለቀስኩ። ለዙሌካ ጉንፋን ነው አልኳት፣ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ከሁሉ ያናደደኝ ቆረጣው ነው። ልጅቷ "ወደሽኝ አታውቂም!" ስትላት እናትየዋ ልትመልስ አፏን ትከፍታለች። ወዲያው የልጅቷ እንባ ይመጣል። ዙሌካን ወደ ኋላ መልሺው አልኳት። ከንፈሯ "እኔ" ይላል።

"ከዚያ በኋላ ያለችው የት ሄደ?"

"ኤዲቲንግ ነው እትዬ ማሚቴ።"

"ስርቆት ነው!"

መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እናትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጣለች። ካሜራው ልጅቷን ተከትሎ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ፀሐይ ነው፣ መንገድ ነው፣ ሳቅ ነው። ወደዚያ ቤት አይመለስም። እኔ ግን ጠበቅኩ። ፊልሙ አልቆ የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ሲጀምርም ጠበቅኩ።

"አሁን ምን ይጠብቃሉ?" አለችኝ ዙሌካ።

"ሴትዮዋ ምን እንደሆነች ነዋ።"

"ታሪኩ እኮ የልጅቷ ነው።"

አንቺም እንደዚያው ልትሠሪው እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ያን ከቤት የወጣሽበት ጠዋት ያየሽው ጀርባዬን ነው። ሳሎን በሩ አጠገብ የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ፣ አንዴም ሳልዞር። "ልብ እንኳ አላለችኝም፣ ሥራዋ በልጦባት ነበር" ብለሽ ለዙሌካ እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። ይህቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ሐሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ "ማሚቴ ጥላዋን ትጠረጥራለች" ይለኛል። አባትሽ ፓስፖርት ማውጣትሽን ሲሰማ "ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳታነሺ" ብሎ ዘበኛ ያደረገኝም ለዚህ ነው። ታዲያ እኔ፣ ሁሉን የምጠረጥር ሴት፣ ልጄ ሻንጣ ስትሸክፍ የማላውቅ ይመስልሻል? የሻንጣው ጎማ ሴራሚኩ ላይ ሲንኳኳ የማልሰማ?

አባትሽ እኮ ጓዳ ፊቱን እየታጠበ ነበር። የስፌት መኪናውን የረገጥኩት የሻንጣሽ ጎማ እንዳይሰማው ነው። ክር እንኳ አላስገባሁበትም፤ መርፌው ጨርቁን ዝም ብሎ በባዶው ይወጋው ነበር። ብዞር ፊቴን አይተሽ ትቀሪ ነበር፣ እኔም አንቺን አይቼ አለቅሽም ነበር። በሩ ከተዘጋም በኋላ፣ አሁን ታክሲ አገኘች፣ አሁን ላፍቶን አለፈች እያልኩ እግሬን አላነሳሁም። አባትሽ ወጥቶ "ልጅቷስ?" ሲለኝ "ተኝታለች" አልኩት። በትዳራችን እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼው አላውቅም፤ ዛሬም አያውቅም።

ለአንቺም አልነግርሽም ነበር። ግን ካሜራ ይዘሻል።

ስለዚህ እናትየዋን ከፈለግሽ ከሥር አንሺያት፣ አልቀየምም። ክራሩንም ለልጅቷ ስጫት። ብቻ በሩ ሲዘጋ ካሜራሽ አብሯት አይውጣ። ትንሽ እዚያው ቤት ይቆይ።

መውጣትሽን የጠበቀ ጌታ መግባትሽንም ይጠብቅልኝ። ተባረኪ።

ጀርባዋን ብቻ ያየሻት እናትሽ፣
ማሚቴ