ሐይቃችን ውስጥ የታጠበው ባጃጅ

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፯፣ ሀርጌሳ

ዛሬ ምሳ አልበላሁም።

ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ከአገር ቤት ቪዲዮ ላከልኝ። እዚህ ሰው ቤት ሠርቼ በላክሁለት ገንዘብ የገዛውን ባጃጅ ሊያሳየኝ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። የት ቢያጥበው ጥሩ ነው? ተራራው አናት ላይ ያለው ሐይቃችን ውስጥ! ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ውሃ ውስጥ ገብተዋል። አረፋው እየተንሳፈፈ ዳክዬዎቹ ጋ ደርሷል። አንዲት ጦጣ ዳር ላይ ቁጭ ብላ የዱቄት ሳሙናውን ላስቲክ ትልሳለች። ኤጭ!

ሐይቁ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጎድጓዳ ነው። ወንዝ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ይሄን ይሁኔም ትምህርት ቤት ተምሮታል።

እኔ እዚህ ኮድቡር ሰፈር ውሃ ከቦቴ እየገዛሁ ነው የምኖረው። ልብስ ያጠብኩበትን ወዲያው አልደፋም፤ ወለል እወለውልበታለሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት እደፋዋለሁ።

ደወልኩለት።

«አንተ፣ ትንሽ አታፍርም? እማዬ የምትጠጣው ውሃ እኮ ነው!»

«እታለም፣ ምን ሆነሻል? ሰው ሁሉ እዚሁ ነው የሚያጥበው» አለኝ እየሳቀ። «ይልቅ ከኋላ ያጻፍኩትን አላየሽም እንዴ? እስከ መጨረሻው እይው።»

አየሁት። ባጃጁ ሐይቁ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ። ከኋላው በትልልቅ ቀይ ፊደል «የእታለም ላብ» ይላል። ከሥሩ ጥቁር ዘይት ውሃው ላይ ይንጠባጠባል።