እሁድ ማለዳ ለእማዬ መርዶ እንዳይነገር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ የኅዳርን ብርድ እንዴት ቻለው? እማዬስ፣ ደም ግፊቷ እንዴት ነው? እህል ይወርድላታል? እኔና ልጄ ሶልያና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ስልሽ በስልክ እንደሚባለው ደህና አይደለም፤ እውነተኛው ደህና ነው።

እትዬ፣ ወንድማችን ገረመው በሕይወት አለ። ትናንት በስልክ ስነግርሽ «አንቺ ልጅ፣ አትሸንግዪኝ፤ እኔ ችዬዋለሁ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ፎቶውን ብልክልሽ «የድሮ ነው» አልሽ። ከራሱ ጋር እንዳላገናኝሽ ሃቫና መብራት እየጠፋ ስልኩ አይገኝም። አልፈርድብሽም፤ እኛ ሰው ሞቶብን እንኳ በስልክ «ደህና ነው» የምንል ሰዎች ነን። በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና እጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ጄኔቫ፣ ለ ሊኞን ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው ደረጄ ነገ ይሳፈራል፤ አርብ ናዝሬት መጥቶ በእጅሽ ይሰጥሻል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ገረመው በልጅነቱ ከዘማች ልጆች ጋር ኩባ ለትምህርት ከሄደ ወዲህ በየፋሲካው ሲደውል ኖሮ አምና ድምፁ ጠፋ። ሶልያና ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ «ሄደን እንየው» አለችኝና አብረን ሄድን። ሃቫና የተቀበለን ቸርነት ነው፤ ከገረመው ጋር ተምሮ እንደሱ እዚያው የቀረ ሰው። ገና ከመኪና ሳንወርድ «ገረመውስ?» አልኩት። «ደህና ነው፣ ገጠር ወርዷል። መጀመሪያ እህል ቅመሱ» አለኝ።

«መጀመሪያ እህል ቅመሱ» ሲባል ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ።

በማግስቱ ከባሕሩ አፍ ላይ ያለውን የጥንት ምሽግ አሳየን። መድፎቹ ወደ ውኃው አፍጥጠዋል። ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ። «ይህን የፈለጡት ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ናቸው» እያለ ያስረዳል። እኔ ስለ ገረመው ስጠይቀው እሱ ስለ ግንቡ ቁመት ይነግረኛል። ከዚያ ወደ ትልቁ ካቴድራል፣ ከዚያ ወደ ሙዚየም፣ ከዚያ ሽማግሌዎች ጊታር ወደሚመቱበት አደባባይ ወሰደን። ሶልያና ታጨበጭባለች። ቸርነት ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ» አለኝ። ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የሚለኝ? ከተማው ያምራል እትዬ፤ ቀለሙ የተላላጠው ቤት ሁሉ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቶበት ሳቅ ይሰማበታል። እኔ ግን ያን ሁሉ ያየሁት ለቅሶ ቤት ደጅ እንደቆመ ሰው ነው።

በመጨረሻ «ነገ ማለዳ እመጣለሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም» አለ። ማለዳ፣ ያውም ከሰው ጋር። ጥቁሬን ለብሼ ጠበቅኩ። ሦስት ወንዶች ሲመጡ በመስኮት ሳይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጮህኩ። ከሦስቱ አንዱ በክራንች እያነከሰ ቀረበና «የወይኔ፣ እስክሞት እንኳ አትታገሺኝም?» አለኝ። ገረመው ነበር።

የስኳር በሽታ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አስቆርጦታል። ሆስፒታል ተኝቶ እንዳላየው ፈርቶ ቸርነትን «እስክወጣ ከተማውን አስጎብኝልኝ» ብሎታል። ማለዳ የመጡትም መንገዱ ሳይጨናነቅበት እንዲራመድ ነው።

ያን ሰሞን ታዲያ የአክስታችን ልጅ ለተሚካኤል ከዙሪክ ደውላልኝ ነበር። «ገረመውስ?» ስትለኝ «ደህና ነው» አልኩና የተቆረጠው እግሩ ትዝ ብሎኝ ድምፄ ተያዘ። ዝምታዬን መርዶ አድርጋ ወሰደችው። ዙሪክ ስንወርድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አስከትላ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ቪዲኮን ሰፈር እቤቷ የለቅሶ ምንጣፍ ተነጥፏል። «ኧረ አብረን ሻይ ጠጥተናል» ብል ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሶልያና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «አጎቴ አልሞተም፣ እግሩ ብቻ ነው የሞተው» ስትል ይብሱኑ አለቀሱ። ለካ ለእናንተም ተነግሮ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ኃይለመለኮት እሁድ ማለዳ እማዬን ሊያረዱ ቀን ቆርጠዋል። የእማዬ ልብ አይችለውም እትዬ።

እንግዲህ ምልክቱን ስሚ። ሊሄድ ሲል ፀጉሩን የላጨሽው አንቺ ነሽ። ምላጩ የግራ ጆሮውን ጫፍ ሲቆርጠው ቡና ጠቀጠቅሽበትና «እማዬ ከጠየቀችህ አውራ ዶሮው ነው በላት» አልሽው። እኔ ይህን ከየት አውቄ? ያ ዶሮ በማግስቱ መታረዱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ጆሮውን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ጉድለቱ አለ። «ተናኜን የዶሮው ደም በእጅሽ ነው በያት» ብሎ ሳቀ።

ስለዚህ ጋሼን ዛሬውኑ አስቁሚልኝ። ለእማዬ አንቺው ንገሪያት፤ ማለዳ አይደለም፣ ሰው ሰብስበሽም አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ በሩን ከፍተሽ። የእግሩንም ነገር እንዳትደብቂያት። እግሩን ከሸሸግናት ሕይወቱን አታምነንም።

ለጋሼ ኃይለመለኮት አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እንዳይቀየሙኝ። ልጅሽን ባሮክን፣ ሚስቱን ማርያማዊትን ሳሚልኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አንደኛው ከገረመው ነው።

እህትሽ የወይንሐረግ
ለ ሊኞን፣ ጄኔቫ
ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.