ኖላዊ ማለት ሴኩሪቲ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2006፣ አሌክሳንድሪያ

ዛሬ የኖላዊ እሑድ ነበር። ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ስንነዳ ልጄ ሄለን ኖላዊ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ «ጠባቂ» አልኳት። እረኛ ብያት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሕፃናቱን ያንኑ ጠየቁ። ሄለን እጇን አወጣች።

«ሴኩሪቲ ነው፣ አባ። አባቴም እሱን ነው የሚሠራው።»

ሰው ሳቀ። እዚያ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ቢሮ እንደምሠራ ነው፤ የምቆመው የቢሮው በር ላይ እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ ጋለ። «አማርኛዋ ገና ነው፤ ተሳስታ ነው» አልኩ። እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «የምትሠራበት ሕንጻ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እነሱን አይደል የምትጠብቀው?»

«ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የተሳሳትኩት?»

ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ ሳያት፣ ወደ ቤት የምንወጣበትን ኤግዚት አልፌው ሄድኩ።