ቀሚስሽን የለበስኩት ለግልገሎቹ ነው

ሳቅሽ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ለነበረው ለእማዬ፣

ከተለየሽን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አንቺን ስንቀብር ከጉልበት ያልዘለለው ማሽላ ዛሬ አባባን በቁመት በልጧቸው ወፍ እየጠበቅንለት ነው። ፊደሉን በትልልቁ የጻፍኩልሽ አውቄ ነው። መሠረተ ትምህርት ላይ «ሸ» ደርሰሽ «ይቺ ደግሞ ቆብ ደፋች» ብለሽ እንደቀረሽ አልረሳሁም። እኔም አምስተኛ ክፍልን ያቋረጥኩ ነኝና ብሳሳት እንዳትታዘቢኝ።

መጀመሪያ ክፉውን ልንገርሽና ይውጣልኝ። አደራ ያልሽኝ ነጯ በግሽ ሞተች። ከአርባሽ በፊት ነው። መንታ ወለደች፣ እንገሯን ትንሽ አቀመሰቻቸው፣ ከዚያ በቃ ተኛች። አባባ ግልገሎቹን አዩና «እናት የለ፣ ወተት የለ፤ እነዚህማ አይተርፉም» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እንዲያ ነበሩ። እህል ሲቀርብላቸው የሚቆርሱት እኔን ላለማስቀየም ብቻ ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም በፎጣዬ ጠራርጌ ምድጃው ዳር አስተኛኋቸው። ሞተውብኝ አንድ ቀን እዚያ ብመጣ ምን ብዬ ዓይንሽን አየዋለሁ?

ወተቱስ ቦቅዬ ጋ ነበር። ችግሯ ራሷ ቦቅዬ ናት። ያቺ ላምሽ ካንቺ በቀር ሰው አታስነካም። ጥጃዋን አስጠግቼ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዴ ማለቢያውን ትረግጣለች፣ አንዴ እኔን። ጭኔን እያሻሸሁ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀሚስሽን አየሁት። ያ ሁልጊዜ የምታልቢበት፣ አበባ ያለው፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው። ለአርባዬ ለጎረቤቴ ለዘነቡ ይሰጥልኝ ብለሽ የተናዘዝሽው እሱው ራሱ።

ለበስኩት እማዬ። ትከሻው ላይ ትንሽ ተተረተረ፣ ሰፍቼዋለሁ፣ አትቆጪ። ሻሽሽንም አሰርኩ። ቦቅዬ አንገቷን አዙራ አሸተተችኝና መራገጧን ተወች፤ ወተቷን ግን ያዘችው። ያኔ ዘፈንሽ ትዝ አለኝ። ስታልቢ የምታንጎራጉሪው፣ መሀሉ ላይ ሲደርስ ሁሌ የሚጠፋብሽና እንዳልተቀባ በር ሲጥ የምትይበት። እኔ አስተካክዬ ዘፈንኩላት፤ ረገጠችኝ። እንዳንቺ አበላሽቼ ስዘፍንላት ማለቢያው ሞላ። አይ እማዬ፣ ላሟንም ጆሮዋን አበላሽተሻታል።

ወተቱን በጣቴ እየነከርኩ ባቀምሳቸው ከሚውጡት የሚያስነጥሱት በለጠ። በማግስቱ ጡጦ ልገዛ መርሳ ወረድኩ። ባለሱቁ ሰይድ «ለማን ነው?» አለኝ። ምላሴን ታውቂው የለ፣ «መንታ ተወልዶልኝ» አልኩት። «ማሻአላህ! እናትየዋስ?» «ወተት የላትም» አልኩት። ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው? ሰውየው ደስ ብሎት አንድ የጡጦ ጫፍ መረቀልኝ።

እኔ በእግሬ ቤት ስደርስ ወሬው በጭነት መኪና ውርጌሳ ደርሷል። በነጋታው እህትሽ አክስቴ ብርቄ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ አሸክማ ከች አለች። እጇ ሙሉ፣ አፏም ሙሉ። ገና ከአጥሩ ጀምራ «የእናቱ መቃብር ሳይደርቅ የሰው ልጅ አስወለደ!» እያለች ስትገባ እኔ ቀሚስሽን ለብሼ መሬት ተቀምጫለሁ። አንዱ ግልገል በጉልበቴ መሀል ጡጦውን ይጎትታል፣ አንዷ ተራዋ አልደርስ ብሏት የቀሚስሽን ጫፍ ትጠባለች። አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ አየች፣ ጓዳም ገብታ ወጣች።

«አራሷ የት አለች?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝ፣ ዱቄቱን አስቀመጠችና ፊቷን ሳትፈታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

ከመደቡ በኩል የአባባ ጋቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎን ደንግጠን ብንገልጣቸው በሳቅ እንባቸው ይወርዳል። ቀና ብለው «ታዲያ ለአራስ ገንፎ አይገነፋም?» አሉ። ተገነፋ። አራሷ የደረሳት ትንሽ ነው፤ አባባ ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ነው የተነሱት።

አርባሽ ሲቃረብ አክስቴ ኑዛዜሽ ይፈጸም፣ ቀሚሱን አምጣ አለችኝ። ግልገሎቹ ገና ሣር አልቀመሱም፣ ጭንቅ አለኝ። ይህን የሰማችው እትዬ ዘነቡ ራሷ መጥታ «ከአራስ ላይ ልብስ አልገፍም፣ ልጆቿን ታሳድግበት» ብላ ገላገለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «አራሷ» ነው የሚለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ ለመንታዎቹ የስኳር ድርሻ ላስፈቅድልህ ወይ ይሉኛል። ላገኝ ከሆነ ግድ የለኝም ብያቸዋለሁ።

አሁን ግልገሎቹ ሣር ይነጫሉ፣ ወንዱማ መዋጋት ጀምሯል። ባለፈው በገበያ ማግስት ቀሚስሽን አጥቤ ለእትዬ ዘነቡ ሰጠሁ። ማታ ቦቅዬ ሥር በሱሪዬ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። ዘፈንሽን ብቻ ይዤ ጀመርኩ፣ የምትስቺበት ቦታ ስደርስ ሲጥ አልኩ። ወተቱ ወረደ።

ትናንት እትዬ ዘነቡ ቀሚስሽን ለብሳ በደጃችን አለፈች። ሁለቱ ግልገሎች ሣሩን ጥለው እየዘለሉ ተከተሏት። ልመልሳቸው ስነሳ አባባ እጄን ያዙኝ።

«ተዋቸው» አሉ፣ «እናታቸውን ሸኝተው ይመለሱ።»

እስከ ወንዙ ሸኝተዋት ተመለሱ።

እኔም አልረሳሽም እማዬ። ቦቅዬን ባለብኩ ቁጥር እዘፍንልሻለሁ። ዜማውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ላርምህ ቢለኝ እምቢ እለዋለሁ፤ አንቺ የምትስቺበት ቦታ ላይ እየሳትኩ እኖራለሁ።

ልጅሽ፣ አራሷ