የአባትህ ችካሎች

ይድረስ ኡልሳን ላለኸው ልጄ ሰንግጁን፣

እንደምን ከርመሃል? የመርከብ ብየዳው ዓይንህን አልጎዳውም? እኛ ደህና ነን፤ ለክረምት በኪምቺ የምናቦካው ጎመንም ደርሷል።

አባትህ እስካለፈው ሳምንት የኮረብታውን መንገድ ኩርባ ሲቀይስ ነበር። አሠራሩን ታውቀዋለህ፤ ቆፋሪው መኪና እንዳይነቅልበት ችካሉን ከመንገዱ ወጣ አድርጎ ይተክልና "መንገዱ ከዚህ በስተቀኝ ሁለት ሜትር" ብሎ ይጽፍበታል። ማክሰኞ ዕለት ግን በችካሎቹ መሠረት ኩርባው ከወንዙ በላይ ወዳለው ገደል ታጥፎ ተገኘ። ረዳቱ ማንቾል "ጋሼ፣ መንገዱን ወንዝ ሊከቱት ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደ። አባትህ አልሳቀም። "ችካሌን ማን ነካካብኝ?" አለ። ማንም አልነካበትም።

ማንቾል "ትንሽ ይረፉ" ስላለው አሁን ቤት ይውላል። ድካም ነው፣ ምንም አትስጋ።

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤታችን ድረስ ቀይ ጨርቅ ያሰረባቸውን ችካሎች ተክሎ አገኘሁት።

"ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?" አልኩት።

"መንገዳችን ጠማማ ነዋ!" ብሎ ተቆጣኝ።

የመጨረሻው ችካል በራችን አጠገብ ነው። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ "ቤቴ ከዚህ በስተግራ ሦስት ሜትር" ይላል።

ለአዲስ ዓመት እንደምንም ብለህ ና። ስትመጣ ግን አንዱንም ችካል እንዳትነቅል።

በጤና ያገናኘን።

እናትህ ቦክሱን