እናትሽን ከምርጫ ጣቢያው በር የመለስኩ ቀን

ጅግጅጋ
መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውዷ ዒፍራህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺና ሳጋል እንደምን ናችሁ? የደገሀቡር ሙቀት አልከበዳችሁም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ሐሙስ፣ በምርጫው ዕለት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ በመዋሉ አብጦ፣ አርብ ዕለት ጫማ አልገባ ብሎኝ በነጠላ ጫማ ቢሮ ገባሁ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። እናትሽ ቀድመው ነግረውሽ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ፋሩቅ ነገ በሚኒባሱ ወደ እናንተ ስለሚወርድ፣ እንደ ድሮው ልጻፍላት ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ኮሌጅ ሳለን ቤተሰብ አግኝቶ እንዳያነብብን በአማርኛ እንጻጻፍ አልነበር? አንቺ ደግሞ የፍቅር ደብዳቤዬን እንደ ፈተና አርመሽ ትመልሽልኝ ነበር። ያኔም አስተማሪ ነበርሽ፤ የደገሀቡሩ ትምህርት ቤት ሹመት ነው የዘገየው።

ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ለምርጫ አስፈፃሚነት ከተመለመሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከመዝገብ ቤት አቧራ ወጥቼ አደራ ተቀባይ ስሆን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ። ጣቢያችን ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ነበር። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ደርሷል። ዓመቱን ሙሉ «ነገ ተመለሱ» ስንለው የኖርነውን ሕዝብ «እንኳን ደህና መጡ» ስንለው ግራ ገባው። ወተት ሻጭዋ ሱዕዲ በሩ ላይ ስታገኘኝ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ለአንዲት መታወቂያ ስድስት ቀን አመላልሰኸኛል። ጥርስ እንዳለህ ዛሬ ገና አየሁ!» ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ሰው ፊታችን ሲቆም ምን እንደሚሰማው አስበን አናውቅም።

የእኔ ሥራ በሩ ላይ ቆሞ ጣት ማየት ነበር። የመረጠ ሰው የግራ አውራ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ቀለም ያለበትን መመለስ፣ የሌለበትን ማስገባት ነው። የሚያጠራጥር ካጋጠመኝ ደግሞ እኔ አልወስንም፤ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ የጣቢያው ኃላፊ እናትአለም ከመዝገቡ ላይ አይታ ትወስናለች። ሥልጠናው ላይ ይህንን ሁለት ጊዜ ደግመው ነግረውናል።

ሦስት ሰዓት ገደማ እናትሽ መጡ። በአረማመዳቸው ነው ያወቅኋቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። አማችና አማት እንዲህ ተፋፍረን እንድንከባበር ነው ያደግነው፤ እሳቸውም እኔን ሲያዩ ጋርባሳራቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ከጋርባሳራቸው ሥር አውራ ጣታቸውን ብቻ ብቅ አደረጉ። ጠቁሯል። «መርጠዋል» አልኩ። በሕዝብ ፊት ከአማቻቸው ጋር ምን ይከራከራሉ? ተመልሰው ሄዱ።

አስር ሰዓት ላይ ሰልፉ ሲሳሳ፣ እናትአለም መዝገቧን ስታገላብጥ ቆይታ ጠራችኝ። እዚሁ ጅግጅጋ የተወለደች፣ አባቷ ወልደሩፋኤል ልብስ ሰፊው የነበሩት፣ ታውቂያታለሽ።

«ወይዘሮ ቢሻሮ አማትህ አይደሉም እንዴ? አልፈረሙም። ታመው ነው?»

«ጠዋት መጥተው ነበር። መርጠዋል፤ ጣታቸው ላይ ቀለም አይቻለሁ።»

«የት መረጡ? መዝገቡ ባዶ ነው።»

ያኔ ነው የፊርደውስ ሰርግ ትዝ ያለኝ፤ ያክስትሽ ልጅ ፊርደውስ። ሴቶቹ ሁሉ ረቡዕ ጥቁር ሂና ሲቀቡ ነው የዋሉት። ነገርኳት።

«አምስት ጣት ሙሉ ሂና ከአንድ ጣት ቀለም አይለይም? ፊታቸውንስ አላየህም?»

«አማቴ ናቸው እኮ! ጣታቸውን ነው ያየሁት፤ እሱንም አንዱን ብቻ።»

«እኔም አማቴን እንዳላይ ቢፈቀድልኝ ትዳሬ ሰላም ያገኝ ነበር» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። ለታዛቢዎቹ ነገሩን አስረድታ፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው ተክታ፣ «ሁለት ሰዓት አለህ። የመለስካቸው አንተ ነህ፣ ሄደህ የምትጠራቸውም አንተ ነህ» አለችኝ።

የእናትሽ ቤት በሰርግ ሴቶች ተሞልቷል። ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆሜ አንዲት ትንሽ ልጅ ላክሁባቸው፤ አልወጡም። ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም የለም። መጨረሻ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርድዎን ይዘው ይምጡልኝ» አልኩ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። እንደዚያ ዕለት አፍሬ አላውቅም። ጥቂት ቆይተው ወጡ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላ ሆነን ጣቢያው ደረስን። ፈረሙ፣ መረጡ፣ ወረቀቱን ኮሮጆው ውስጥ ከተቱ። እናትአለም ቀለሙን ሂናው ያልደረሰበት ቆዳ ላይ ፈልጋ ቀባቻቸው።

ሲወጡ ፊቴ ቆሙ። ጋርባሳራቸውን አልሳቡም።

«ዐብዲጀባር» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ልጄን ሹመትሽን ተቀበይ፣ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። በዚህ ከተቀየምከኝ ቤቴ መጥተህ መናገር ነበረብህ። ጠዋት ያሳየሁህ ግን አምስቱንም ጣቴን ነው።»

ይህን ብለውኝ ወደ ሰርጋቸው ተመለሱ።

ማታ እናትአለም የዕለቱን ውሎ ስትመዘግብ፣ «ሂና በቀለም ተሳስቶ አንዲት መራጭ ለጊዜው ተመልሰው ነበር፤ ተስተካክሏል» ብላ ጻፈች። አነበብኩት፣ ፈረምኩ። ሁሉም ጨዋ ስህተት ነው አሉ። አንዱ ታዛቢ እንዲያውም አማቱን እንዲህ የሚያከብር ሰው ዛሬ የት ይገኛል ብሎ አመሰገነኝ።

ዒፍራህ፣ ከላይ አውራ ጣታቸውን ብቻ አሳዩኝ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። ወረቀቱን ቀድጄ እንደ አዲስ መጀመር እችል ነበር። ነገር ግን ለእናትአለም፣ ለታዛቢዎቹ፣ አሁን ደግሞ ለአንቺ፣ ሦስቴ ስዋሽ ብዕሬ እንኳ አልተደናቀፈም፤ የምታውቂው ባልሽ ይህም እንዳለበት እንድታዪ ብዬ ተውኩት።

እጃቸውን ሙሉ ዘርግተው ነበር። አምስቱም ጥቁር ነበሩ። ሂና መሆኑን ወዲያው አውቄያለሁ፤ የትኛው ሶማሌ ነው ሂና የማያውቀው? አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሰባት ሳምንት ሙሉ ባዶ ቤት ስገባ የማስበው እሳቸውን ነበር። ሚስቴን ወሰዱብኝ፣ ልጄን ወሰዱብኝ እያልኩ። ፊቴ ሲቆሙ፣ ለአንድ አፍታ ማለፍ አለማለፋቸው በእኔ አፍ ላይ ሆነ። «መርጠዋል» ስል፣ ዒፍራህ፣ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ እናትአለም ባትጠራኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። መፋፈሩንም መጋረጃ አደረግሁት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? እኔ ቂም ይዤ ነው የሰው አደራ የተቀበልኩት።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ተመለሺልኝ ልልሽ ነበር። አሁን አልልሽም። ሹመቱ ይገባሻል፤ በደንብ ሥሪ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድገትሽን ስትነግሪኝ ወሬ እየለወጥሁ ያለፍኩሽም እናትሽ አልነበሩም፤ እኔው ነኝ። ነገ ለእናትአለም እውነቱን ነግሬያት የፈረምኩት እንዲታረም በጽሑፍ አመለክታለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ከሥራዬም ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩሽ።

ሳጋልን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አላህ የምታስተምሪያቸውን ልጆች ዓይን ይግለጥልሽ፣ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ። ለእናትሽም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ነገ ከቢሮ በፊት ቤታቸው ሄጄ፣ ተሳስቼ አልነበረም፣ አውቄ ነው እላቸዋለሁ።

ባልሽ
ዐብዲጀባር