«ከየት ቀዳሽው?»

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2001

ዜሮ። በቀይ እስክሪብቶ፣ የገጹን ግማሽ የሚያህል። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና «ከድጃ፣ ከየት ቀዳሽው?» አለኝ። ከራሴ ነው አልኩት። «የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዲህ አይጽፍም» አለ። ከኋላ ሳቁ። የጻፍኩት ስለ እናቴ ነው፤ ጅዳ ከሄደች አምስት ዓመቷ። የገዛ እናቴን ከየት ነው የምቀዳት?

ማክሰኞ

«ቀጂዋ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። በፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ትምህርት ሰዓት እንኳ ይንሾካሾካሉ። አብራኝ የምትቀመጠው ሰላማዊት «ስትጽፊው አይቻለሁ ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። ተይው አልኳት። ከዚያ ለምን ዝም አለች ብዬ ቀኑን ሙሉ ተቀየምኳት።

አባ ከወግዲ ገበያ ስንዴ ጭኖ ሲመጣ ነገርኩት። «አንቺ ካልሰረቅሽ አላህ ያውቃል» አለኝ። አላህ ማወቁን መች ተጠራጠርኩ? ማወቅ ያቃተው መምህሩ ነው።

ረቡዕ

ድርሰቱን ደግሜ አነበብኩት። «የናፍቆት ማዕበል ልቤን ያናውጠዋል» ይላል። ማዕበል አይቼ አላውቅም። ከሬዲዮ የለመድኩት ቃል ነው። አልቀዳሁም፤ ግን የኔም አይመስልም። ይሄ ከዜሮው በላይ አናደደኝ።

ነገ መምህራን ክፍል ሄጄ መምህሩ ፊት አዲስ እጽፋለሁ። ሰላማዊት «አብደሻል» አለች። ግን በር ድረስ ትሸኘኛለች።

ሐሙስ

ጻፍኩ። እሱ ፈተና ያርማል፣ እኔ ከፊቱ። እየቸኮልኩ ስለነበር ያማረ ቃል የምፈልግበት ፋታ አላገኘሁም። እናቴ የሄደችበትን ጠዋት ብቻ ጻፍኩ። የደሴው አውቶቡስ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስያለሁ፤ አባ «ስታለቅሺ ካየች አትሄድም» ብሎኛል። ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካከለች። እንዳልነቃ ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

አነበበው። «እናትሽ መቼ ነው የሚመጡት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዜሮውን ሰርዞ ዘጠኝ ከአስር ጻፈ።

«ለክፍሉም ይንገሩልኝ፣ ቲቸር።»

«ማርክሽን አገኘሽ አይደል?» አለና ወደ እርማቱ ተመለሰ።

ዓርብ

አልተናገረም። ስም ሲጠራ የኔን ጠርቶ ቀና ሳይል አለፈ። ዛሬም ቀጂዋ ነኝ። ሰላማዊት እጇን አውጥታ «ከድጃ እኮ እርስዎ ፊት ጻፈች፣ ቲቸር» አለች። «ቁጭ በይ» አላት። ክፍሉ በእሷም ሳቀ። ማክሰኞ ስለተቀየምኳት አፈርኩ።

ያም ሆኖ አዲሱ ድርሰት ከድሮው ይሻላል። አጭር ነው፤ ሁሉም የኔ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

እሑድ

እናቴ ደወለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለኝ አዲሱን ድርሰት አነበብኩላት። አባ አጠገቤ ነበር። «ስታለቅሺ ካየች አትሄድም» ያለኝ ቦታ ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሀሎ፣ እማ?»

«ነቅተሽ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ እስከዛሬ፣ ተኝታ ነበር እያልኩ ነው የተጽናናሁት።» ከዚያ አሠሪዋ ስትጠራት ስልኩን ዘጋችው።

ባላነብላት ይሻል ነበር ይሆን? እውነት ነው የጻፍኩት። እውነት መሆኑ ግን አሁን ምንም አላቀለለልኝም። አባ እስካሁን አልገባም። ሲገባ ምን እንደምለው አላውቅም።